ከግራ ሦስተኛው ክላሽ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከሦስት ሳምንት በፊት በፊት ገጻችሁ ላይ፣ ሸራ ላይ የተደረደሩ ጠመንጃዎችን ፎቶግራፍ አውጥታችሁ ነበር። ከሥሩ «በቁጥጥር ሥር የዋሉ ክላሽንኮቮች» ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። ከግራ ሦስተኛው ክላሽ አይደለም፤ ሲሞኖቭ ነው። ባለቤቴ «ለዚህ ብለህ ቀለም ልትጨርስ ነው?» ብላ ስቃብኛለች። አሥራ አራት ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂና ጠጋኝ ሆኖ ለኖረ ሰው ግን ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ሐኪም ፊት ጉበትን ኩላሊት ብትሉት ዝም ይላችኋል?

ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ክላሽ ከሆዱ ሥር እንደ ማጭድ የጎበጠ ካዝና አለው፤ ካዝናው ይወልቃል፣ ይገባል። የሲሞኖቭ ካዝና ከጠመንጃው ጋር የተገጠመ ነው፤ አሥር ጥይት ይጎርሳል፤ ሳንጃው ደግሞ ከአፈሙዙ ሥር ታጥፎ ይተኛል። ጥይታቸው አንድ ነው፣ 7.62 በ39 የሚባለው። ክላሽ ቃታውን ስበው ካልለቀቁት ያንደቀድቀዋል፤ ሲሞኖቭ በአንድ ስበት አንድ ጥይት ነው። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ይህ ነው። እኔን ያስጻፈኝ ግን የስሙ ነገር ብቻ አይደለም። ለክላሽ ገንዘቡ የማይደርስለት ገበሬ፣ ዘበኛ ወይም የጫት ባለቤት ዓይኑ የሚያርፈው በዚህ በሦስተኛው ላይ ስለሆነ ነው። ርካሹ እሱ ነው። እኔም ባለፈው ጥር አንዱን ለማየት ሄጄ ነበር።

በ1969 ታጠቅ ጦር ሠፈር ከገቡት ሚሊሺያዎች አንዱ ነበርሁ። ከእኛ በፊት የነበረው የንጉሡ ጦር የያዘው የአሜሪካ ኤም ዋን ነበር፤ ስምንት ጥይት ባንድ ጊዜ ይጎርሳል፣ ስምንተኛው ሲተኮስ የጥይቱ ማቀፊያ ብረት ቅጭል ብሎ ይወጣል። ነባር ወታደሮች ያንን ድምፅ ሲያነሡ እንደ ሙሽራ ዘፈን ነበር የሚያወሩት። ወዳጅነቱ ወደ ሶቪየት ሲዞር ጠመንጃውም ዞረ፤ ሰርጌይ ሲሞኖቭ የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1945 የነደፈው ጠመንጃ በእኛ እጅ ገባ። ወደ ምሥራቅ ግንባር ከመጣሁ በኋላ ብረት አያያዜን ያየ አንድ መቶ አለቃ ግምጃ ቤት አስገባኝ። እስከ 1983 እዚያው ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ የልብስ ሰፊዎችን መኪና እጠግናለሁ። ሥራው ብዙም አልተለወጠም፤ ያኔም መርፌ ነበር፣ አሁንም መርፌ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከሐረማያ ወዲህ ጫት ያለማል። ጫት ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ሌባ የሚመጣው ቀንበጡ ለቀጠፋ በደረሰበት ሌሊት ነው። በተገዛ ውሃ ያደገ ጫት በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመልምሎ ያድርና ሲነጋ አወዳይ ላይ ተሸጧል። የማን እንደነበረ ቅጠሉ አይናገርም። ልጁ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ተዘረፈ። በሁለተኛው ጊዜ ዘበኛው ራሱን ተፈንክቶ ነው የተገኘው።

አንድ ቀን ከሱቄ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጎቴ፣ ሲሞኖቭ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። አንተ ብረት ታውቃለህ፣ እይልኝ» አለኝ። ዋጋውን ነገረኝ። አንዲት የምትታለብ ላም አይገዛም። «ፈቃድ አለህ?» ስለው ዓይኑን ወደ ስፌት መኪናው መለሰ። በ2012 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1177ን ነገርሁት፤ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መግዛትም፣ መሸጥም ወንጀል ነው አልሁት። «ሁሉም ይዟል» አለኝ። ይህንን መልስ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥርም።

ብከለክለው ከእኔ ተደብቆ እንደሚሄድ አወቅሁ። ስለዚህ በአንድ ቃል ተስማማን፦ እኔ አየዋለሁ፣ ከእሱ ኪስ ግን አንድ ብር አይወጣም። ልቤ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነበር ብዬ አልዋሽም። ከ1983 ወዲህ ሲሞኖቭ አልነካሁም፤ እጄ ናፍቆት ነበር።

ሻጩ ወንበዴ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ቡና አስፈልቶ የጠበቀን፣ እግሬን አይቶ በርጩማውን ያቀረበልኝ ጨዋ ሰው ነው። ጠመንጃው የአባቱ ነበር። አባትየው እንደ እኔው የዚያ ዘመን ሚሊሺያ ነበሩ፤ ካረፉ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ሰባቱን ዓመት ጠመንጃው በጆንያ ተጠቅልሎ ከማሽላው ጎተራ ጀርባ ቆሟል። ሊያወጣው ሲነሣ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጁ ቀድማው ሄዳ ጆንያውን በአንድ በኩል ያዘችለት። የት እንዳለ ታውቃለች።

«ባዶ ነው አባባ፣ እኔ ራሴ አውቃለሁ» አለና መዝጊያውን፣ ጥይቱን ወደ መጉረሻው የሚገፋውን ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ስቦ ሊያሳየኝ ሲል እጁን ያዝሁት።

አፈሙዙን በደጁ በኩል ሰው ወደሌለበት የድንጋይ ካብ አዞርሁት። በሲሞኖቭ መጀመሪያ የሚከፈተው መዝጊያው አይደለም፤ ሆዱ ነው። ከቃታ መከለያው ፊት ትንሽ መያዣ አለች፤ ወደ ኋላ ስትሳብ የካዝናው ወለል ወደ ታች ይከፈታል። ሳብኋት፤ ደርቃለች። በቁልፌ ጫፍ ገፋኋት። ሆዱ ዷ ብሎ ተከፈተና ሦስት ጥይቶች ምንጣፉ ላይ ወደቁ። አንዱ ተንከባሎ ሄዶ ከረከቦቱ እግር ጋር ቆመ።

ማንም አልተናገረም። ቡና የምትቀዳው ሚስቱ ጀበናዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። በመጨረሻ ሰውዬው «ሰባት ዓመት!» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላውቅም።

ሆዱን መልሼ ዘግቼ መዝጊያውን ሳብሁት። ካዝናው ባዶ ሲሆን የሲሞኖቭ መዝጊያ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ይቀራል፤ ቀረ። ጥይት ቢኖርበት ግን ተመልሶ እየተወረወረ አንዱን ያጎርሳል። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የጥይት መጉረሻውን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ፈታታሁት። እጄ አልረሳም። አንድም ጊዜ አላሰብሁም፣ ብረቱ በየተራ መጣልኝ።

መዝጊያውን ለብቻው ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቀነቅሁት። የስፌት መኪና ጠጋኝ ግማሹን ሥራ የሚሠራው በጆሮው ነው። በሲሞኖቭ መዝጊያ ውስጥ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ልቅ ነው፤ ሲነቀንቁት እንደ ጽናጽል መንሿሿት አለበት። ይሄኛው ዝም አለ። ዞር አድርጌ ፊቱን ሳየው የመርፌው ጫፍ ወደ ውጭ እንደወጣ ደርቋል። ነፍሳቸውን ይማርና አባትየው ዝገት እንዳይበላው ሲሉ ሞራ ቀብተውታል፤ ሞራው ከድሮው ግሪስ ጋር ተጋግሮ መርፌውን እንደ ሙጫ ይዞታል። እንዲህ በሆነ ጠመንጃ ጥይት ሲጎርስ፣ መዝጊያው ተወርውሮ በሚዘጋበት ቅጽበት የወጣው መርፌ የጥይቱን ቂጥ ይመታዋል። ቃታውን የነካ የለም፤ ተኩስ ግን አለ። በተኩሱ ኃይል መዝጊያው ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ያጎርሳል፤ ሁለተኛውም ይተኮሳል። ካዝናው እስኪያልቅ ማንም አያስቆመውም።

አሁን ወደዚያች እጁን ወደያዝሁባት ደቂቃ ተመለሱ። ሦስት ጥይት በሆዱ፣ መርፌው ወጥቶ የደረቀ፣ ሰውዬው «ባዶነቱን» ሊያሳየኝ መዝጊያውን ሊስብ። ልጅቷ የቆመችው ከአፈሙዙ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር።

የቀረውን ባጭሩ። ነጭ ወረቀት በጥይት መጉረሻው በኩል ይዤ በአፈሙዙ ስመለከት ውስጡ እንደ አሮጌ ምጣድ ተቦርቡሯል። የዚያ ዘመን ጥይት ሲተኮስ ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ጨዉ እርጥበት ይስባል፣ በፈላ ውሃ ካልታጠበ ዘይት ብቻውን አያወጣውም። የጋዝ ቱቦው ዝጓል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በፍየል ቆዳ ተጠፍሯል፤ ደግሞ እንዴት ያለ አጠፋፈር ነው፣ ሠሪው የሚያውቅ ሰው ነበር።

«ወረቀት አለው» አለኝ ሰውዬው። ከሳጥን ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የአባቱን የምዝገባ ወረቀት አመጣ፤ ስም፣ ማኅተም፣ ቁጥር። ይህንን አልጠበቅሁም ነበር። ስለዚህ አባትየው ሕግ አክባሪ ነበሩ። ቁጥሩን ከጠመንጃው ጋር ባስተያየው ከመዝጊያው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ከአካሉ ቁጥር ጋር ግን አይገናኝም። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ የእኅቴንም ልጅ አስነበብሁት።

የጠመንጃ መታወቂያ አካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። መዝጊያ የሚቀያየር ዕቃ ነው። ያኔ የመዘገበው ሰው ለዓይኑ የቀረበውንና የሚያብረቀርቀውን ብረት ቁጥር ገልብጦ ማኅተሙን መትቶ ሄዷል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ጠመንጃው እውነተኛ ነው፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ቁጥራቸው የማይገጥም መዝጊያዎች እንዴት በዚህ አካባቢ እንደበዙ ከማንም ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ከግንባር በጆንያ የሚመጣውን የተበላሸ መሣሪያ እኛ ግምጃ ቤት ውስጥ ከሦስቱ አንድ እናወጣ ነበር፤ የዚህን መዝጊያ ለዚያ፣ የዚያን ሰደፍ ለዚህ። ጊዜ አልነበረም። መዝጊያና አካል እንደ ድስትና ክዳን ናቸው፤ ልክ ካልተገጣጠሙ የጥይቱ ቀለህ ይተረተርና እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመጣል። እኛ በመለኪያ እየለካን ነበር የምናደርገው፤ ይኸው ነው መጽናኛዬ። መለኪያው ሲጠፋ ግን በዓይን ያደረግንበትም ቀን ነበር። ያ ከጎተራ ጀርባ የነበረው ጠመንጃ በእኔ እጅ ያላለፈ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም።

አሮጌ ጠመንጃ በዚህ ከተማ አዲስ ሸቀጥ አይደለም። ቱሪስት ጀጎል ሲገባ የሚወሰደው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ወደሚጠራው ቤት ነው። አስጎብኚዎቻችን ስለ ቅኔው ብዙ ይላሉ፤ ስለ ንግዱ ዘለል ያደርጉታል። ራምቦ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣና እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ደረሰ። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ጊዜ አልፎባቸዋል ብላ የጣለቻቸው ነበሩ። ምኒልክ ዋጋውን አወረዱት፤ የሞተ ሸሪኩ የላባቱ ዕዳም ከላዩ ላይ ተቀነሰበት፤ ለቀረውም እዚህ ሐረር፣ በኋላ ራስ የሆኑት መኮንን እንዲከፍሉት ወረቀት ጻፉለት። ሰውዬው በዘረፋ የከሰረ ይመስል በየደብዳቤው ሲያማርር ኖሯል። ንጉሡ አሮጌ ብረት ስንት እንደሚያወጣ ያውቁ ነበር። የእኅቴ ልጅ አያውቅም።

ወደ ቡናው ልመለስ። ሰውዬውን «ለምን ትሸጠዋለህ? ለምን ለፖሊስ አታስረክብም?» አልሁት። መልሱ ይኸውና፦ «ወረቀቱን ይዤ ብሄድ ቁጥሩ አይገጥምም ይሉኛል፤ አሁን አንተም አልህ። ያለ ወረቀት ብሄድ ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ዝም ብዬ ባስቀምጠው ልጆች አሉኝ። ብሸጠው ግን ከቤቴ ይወጣል።» ክቡር አዘጋጅ፣ ለዚህ ሰው መልስ አጣሁ። የምትጽፏቸው ዜናዎች ሁሉ ስለ ኮንትሮባንድ ናቸው፤ በነዳጅ ቦቴ ስለተደበቀ፣ በኬላ ስለተያዘ። ይገባል፣ ጻፉ። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ የገጠር መንደር ከጎተራ ጀርባ የቆመ የአባት ጠመንጃ አለ። ወራሹ ተኩሶት አያውቅም፣ ፈትቶት አያውቅም፣ ይፈራዋል፤ ስለሚፈራውም በርካሽ ይሸጠዋል። ርካሽ የግለሰብ ጠመንጃ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ወራሽ የሟች አባቱን መሣሪያ ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን እንደ ተጠርጣሪ የማይታይበት አንድ ጠረጴዛ ይኑር። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከጸሐፊው ጎን ብረት የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀመጥ። እሱ ከሌለ የሚመዘገበው ጠመንጃው አይደለም፣ የመዝጊያው ቁጥር ነው፤ አይተናል። ሰውዬው ሆዱን ይክፈት፣ መዝጊያውን አውጥቶ በጆሮው ይስማ፣ ቁጥሩን ከአካሉ ያንብብ። ለአንድ ጠመንጃ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሐረር የጦር አካዳሚ የነበረባት፣ ክፍለ ጦር የሰፈረባት ከተማ ናት፤ እንደ እኔ ያሉ ሽማግሌዎች በየሠፈሩ ካርታ ሲጫወቱ ይውላሉ። እኔ በበኩሌ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። አበል አልጠይቅም። አንድ ኩባያ ሆጃ ከመጣ አልጠላም።

እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አለ ካላችሁኝም ደስ ይለኛል፤ የት እንደሆነ በጋዜጣችሁ አውጡት፣ ቆርጬ ለሰውዬው እወስድለታለሁ። ለጊዜው ያደረግነው ይህ ነው፦ ሦስቱን ጥይቶች ከጠመንጃው ለይቶ ከፍ ባለ ቦታ ቆለፈባቸው፤ ጠመንጃው ከጎተራው ጀርባ ወጥቶ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ገባ፤ የመንደሩን ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ፖሊስ እንዲሄድና ሲሄድም ጠመንጃውን ይዞ ሳይሆን መጀመሪያ ባዶ እጁን ገብቶ እንዲናገር መከርሁት። ጠርጌ ልስጠው ወይ ብዬ አንድ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ተውሁት። የተጠረገ ጠመንጃ ቶሎ ይሸጣል።

የእኅቴ ልጅ ተቆጥቶኝ እስከ ፋሲካ አልመጣም። በፋሲካ ማግስት ዶሮ ይዞ መጣ። አሁን ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተዋጥተው በቀጠፋ ሰሞን ሁለት ሁለት ዘበኛ ያቆማሉ፤ ማሳው ጥግ ላይ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ተክለዋል፤ የሚጮኹ ሁለት ውሾችም አሉ። ውሾቹ ሰነፎች ናቸው ይላል። እስካሁን አልተዘረፈም፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ስታወጡ ስሜን እናንተ ዘንድ አስቀሩልኝ፤ ሰውዬው እንዳይታወቅብኝ ነው።

ከፎቶግራፉ ሥር ያለውንም ጽሑፍ አርሙልኝ። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ያ ከግራ ሦስተኛው ጠመንጃ መዝጊያው እንደተዘጋ፣ የካዝናውም ሆድ እንደተዘጋ ነው የተጋደመው፤ አፈሙዙም ፎቶግራፍ ወደሚያነሣው ሰው ዞሯል። ሸራው ላይ ከመደርደሩ በፊት ሆዱን የከፈተው ሰው ነበር?

ከሐረር፣ መኪና ግርግር
አንድ የስፌት መኪና ጠጋኝ